የጋሽ ገባኝ ደችኛ

«ጋሽ ገባኝ» የሚል ስም የወጣላቸው በከንቱ አይደለም። መካኒክ ሳሉ ደንበኛው «መኪናዬ ስትነሳ...» ብሎ አፉን ሳይዘጋ፣ «ገባኝ!» ብለው ሞተሩን ያወርዱት ነበር። ሰውየው ለካ ሊል የፈለገው፣ ስትነሳ ሬዲዮው ይጠፋል ነው። ሞተር ወርዶ እኮ ነው! በኋላ ጡረታ ወጡ፤ አመላቸው ግን አብሯቸው አልወጣም።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በስተርጅና ደችኛ ካልተማርኩ ብለው የተነሱት። ምክንያቱ የልጅ ልጃቸው ናት። ባሕር ማዶ ተወልዳ ከደችኛ ሌላ አታውቅም። ባለፈው ክረምት መጥታ አንዲት ቃል ሳይግባቡ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥላ ከረመች። ስትሄድ ቤቱ ጭር አለባቸው። «ከገዛ ልጄ ልጅ ጋር በአስተርጓሚ አላወራም!» አሉ።

አስተማሪ ቀጠሩ፤ አስተማሪዋ አሳዘነችኝ። «ጋሼ፣ በደችኛ ግሱ ሁለተኛ ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው» አለቻቸው።

«ምን ያጣድፈዋል? ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚያምርበት።»

«እሱም አለ። 'እፈልጋለሁ'ን የመሰለ ግስ ከቀደመ፣ ዋናው ግስ እስከ መጨረሻው...»

«ገባኝ!» ብለው ኮፍያቸውን አነሱ።

እሑድ ስልኩ ጮኸ። ባለቤታቸው ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሕፃኗ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም ጀመረች፦ «ኦፓ፣ ኢክ ቪል ያው ኒት ሜር...»

ኦፓ አያት ነው፤ እሱን ለምደውታል። ኢክ ቪል፣ እፈልጋለሁ። ያው፣ አንተን። ኒት ሜር፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም። ግሱም ሁለተኛ ቦታው ላይ ጉብ ብሏል። ከእንግዲህ አልፈልግህም!

«ገባኝ» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። ስልኩን ዘጉት።

ምሳ አልበላም አሉ። «ምን በደልኳት? ለእሷ ስል አይደል እንዴ ጉሮሮዬ እስኪላጥ በደችኛ 'ኽ! ኽ!' ስል የከረምኩት?»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ መቼ ጨረሰች? አመል ያወጣል ከመሐል!» አሉ ባለቤታቸው፣ መልሰውም ደወሉ።

ልጃቸው አነሳች። «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው የዘጋህባት? ይኸው እያለቀሰች ነው። 'ሚሰን' ስትል ስልኩ ጠፋባት።»

«ደሞ ሚሰን ምንድን ነው?»

«መናፈቅ። ከእንግዲህ አንተን መናፈቅ አልፈልግም ነው እኮ ያለችህ!»

ጋሼ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ግሱ መጨረሻ ላይ በሚመጣ ቋንቋ ሲያወሩ ኖረው፣ አንድ ግስ መጠበቅ ያቅታቸው? አፈሩ። ዕንባቸውም መጣ፣ ምን ይደበቃል።

«እስቲ ስጪኝ እሷን።»

ሕፃኗ ንፍጧን ሳብ አደረገች። «ኦፓ፣ ኢክ ቪል...» ብላ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አለች። ባለቤታቸው አላስችል ብሏቸው «አቤት የኔ ቆንጆ! አያትሽ እኮ...» ብለው ሲጀምሩ፣ ጋሼ በመዳፋቸው የሚስታቸውን አፍ ከደኑት።

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ!» አሉ በሹክሹክታ። «ግሱ ገና አልመጣም!»