ጎሚስታው የመረጠላት ጎማ

ጎሚስታው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ጓደኞቹ «ካላማዳሪ» ይሉታል፤ እንደ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቶሎ ይነፋል፣ ቶሎ ይተነፍሳል ለማለት ነው። ሲቆጣ የአንገቱ ሥር ይገታተራል፤ አንድ ደግ ቃል ጣል ካደረጉለት ግን ፊስስ ብሎ ያልቃል። በሥራው ላይ ቀልድ አያውቅም። ጎማውን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ «ይሄ ክረምቱን አይሻገርም» ካለ አይሻገርም። ሾፌሮቹ «ሐኪም ቢዋሽ ካላማዳሪ አይዋሽም» ይላሉ።

አንዲት ልጅ አለችው፤ አለችው ከተባለ። ጥሏት የሄደው አምስት ዓመቷ ላይ ነው። ከእናቷ ጋር በማይረባ ነገር ተኳርፎ፣ «ለአንድ ወር ነው» ብሎ ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ጎማ ቀያሪ ረዳት ሆኖ ወጣ። ወሩ ሰባት ዓመት ሆነ። ደብዳቤ አልጻፈም፣ ስልክ አልደወለም፤ መጀመሪያ እልህ ያዘው፣ በኋላ ደግሞ እፍረት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲመለስ እናትየው ሌላ ሰው አግብታለች። ባልየው መንገድ ቀያሽ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ደህና ሰው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ለጎሚስታው በቀለለው ነበር። ቢያንስ የሚጠላው ያገኝ ነበር።

ልጅቷ ቀያሹን «አባዬ» ትለዋለች። ለወለዳት የተረፈው «ጋሼ» እና «እርስዎ» ነው። በዓመት አንዴ ሁለቴ መንገድ ላይ ሲገናኙ «ደህና ነዎት ጋሼ?» ብላ ጎንበስ ትላለች። የሰማ ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» ይላል። እሱን ግን አንቱታዋ እንደ ሚስማር ይወጋዋል። በዚያ ቤት አባት አንተ ነው የሚባለው፤ አንቱ የሚባለው ጎረቤት ነው።

ዝናቡ ሊገባ በቀረበበት ሰሞን አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዲት አጭር፣ ባለ ሁለት በር ፎርዊል መኪና የጎማ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ቀያሹ ለመስክ ሥራ ሲነዳት የኖራት መኪና ናት። ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ሰጣት። ጎማዎቹ ሊሾ ሆነዋል፤ ጥርስ የሚባል አልቀረላቸውም። ከመሪው ጀርባ የወረደችው ልጅቷ ናት፤ ቀያሹ ከጎኗ ወረደ።

«እኔ የጎማ ነገር ብዙም አይገባኝም» አለ ቀያሹ፣ ጎሚስታውን በሁለት እጁ እየጨበጠ። «የሚያውቅ ሰው ጋ እንሂድ ብዬ ነው ያመጣኋት።»

ጎሚስታው እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ አሁንም ጠረገ። የሱቁ ባለቤት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት ወፍራም ሴትዮ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ስታየው ነገሩ ገባትና ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

ልጅቷ መርጣ ነው የመጣችው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ እንደ አዞ ጀርባ የተጎራበጠውን የጭቃ ጎማ አሳየችው። «ይሄንን! ጓደኞቼ በየእሁዱ የድንጋይ ካባው ላይ በመኪና ይወጣሉ፤ ሁሉም ይሄንን ነው የገጠሙት።»

«ካባው ላይ በሳምንት ስንት ቀን ትወጫለሽ?»

«እሁድ እሁድ።»

«የቀሩትን ስድስት ቀናትስ?»

«ትምህርት ቤት፣ ቤት… አባዬንም ከሥራ አመጣዋለሁ።»

«ስለዚህ ስድስቱን ቀን አስፋልት ላይ ነሽ።» ከመደርደሪያው ሌላ ጎማ አወረደና መሬቱ ላይ እያንከባለለ አመጣላት። «ይሄ ለበጋም ለክረምትም ነው። ነይ ንኪው። እነዚህ ጥቃቅን ስንጥቆች ይታዩሻል? ውሃውን እየጠጡ ወደ ጎን ይተፉታል፤ ላስቲኩ አስፋልቱን ይይዛል። ለካባውም ቢሆን አያንስሽም፣ ንፋሱን ትንሽ ቀነስ ካደረግሽ ይወጣል። ያኛው ጥርሱ ለጭቃ ነው። ጭቃ የሚነክስ ጥርስ እርጥብ አስፋልት ላይ ድድ ነው።»

ቀያሹ ፈገግ አለ። ልጅቷ ግን ጎማውን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ እጇን ሰበሰበች።

«የአክስቶች ጎማ ይመስላል» አለች።

«ፍሬን ስትይዢ አክስት ያስመስልሻል፤ በሕይወት ያለች አክስት።»

አልሳቀችም። ፊቷ ጥቁር አለ። «እርስዎም እንደ እማዬ ሆኑ። ይቅር በቃ። አባዬ፣ እንሂድ፤ ሌላ ቀን እናያለን።» ወደ መኪናዋ ዞረች።

ጎሚስታው ጀርባዋን እያየ አንድ እርምጃ ተከተላት። ስንት ዓመት የጠበቃት ልጅ በእግሯ መጥታለት፣ ሩብ ሰዓት ሳትሞላ ተከፍታበት ልትሄድ ነው። አሁን ከሄደች መቼ ትመጣለች? ቃሉ ሳያስበው አመለጠው።

«ኧረ ቆይ! የጭቃውም ቢሆን እኮ ይሄዳል። እኔ… የአነዳድሽን ነገር አላውቅ ብዬ እንጂ።»

ዞረች። «እውነት? አይጎዳም?»

«ምን ይጎዳል! ትንሽ ይጮሃል እንጂ።»

ሮጣ መጥታ አቀፈችው። የለበሰችው ነጭ ሹራብ ግራሶ ጠጣ፤ ግድ አልሰጣትም። ጎሚስታው እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት እንደ ማንጠልጠያ ዘርግቶ ቆመ። በትከሻዋ በኩል የቀያሹን ዓይን አየ። ቀያሹ ለረጅም ጊዜ አየውና በዝግታ፣ «እርግጠኛ ነህ?» አለው።

«ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው!» አለ ጎሚስታው፤ አንገቱ ተገታትሮ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

የቀረው ሰዓት የጎሚስታው የዕድሜው ደስታ ነበር። መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ አሮጌዎቹን ከቸርኬ አላቀቀ፣ አዲሶቹን ገጠመ። ልጅቷ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ትጠይቀዋለች፤ ብሎን በክብ ሳይሆን በመስቀለኛ እንደሚጠብቅ አሳያት፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ራሷ አጠበቀች። ቀያሹ ውጪ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። መኪናዋ እንደ ንብ መንጋ እያጉረመረመች ስትወጣ ጎሚስታው እስከ መታጠፊያው በዓይኑ ሸኛት። እትዬ ከመስታወቱ ጀርባ ወጥታ ባዶውን ግድግዳ አየች፣ ከዚያ እሱን።

«አንተ ሰውዬ፣ ለታክሲ ሾፌር የማትሰጠውን ለልጅህ ሰጠህ?»

እሱ ክሪኩን አንስቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ደወለችለት፤ አንዴ ስለ ንፋስ ልትጠይቅ፣ አንዴ ደግሞ ካባውን ከሁሉም ቀድማ እንደወጣች ልትነግረው። በሁለቱም ጊዜ «ስሚ ልጄ፣ እነዚያን ጎማዎች…» ሊል አስቦ፣ ሳቋን ሲሰማ ዋጠው። «ዝናብ ሲሆን ቀስ በይ» አለ ብቻ። ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ ጠርቼ በነፃ እቀይርላታለሁ ይላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሄደ።

አራተኛው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ፤ የመጀመሪያው፣ አስፋልቱ ላይ የከረመውን ዘይትና አቧራ አንስቶ ሳሙና የሚያደርገው። ልጅቷ ቀያሹን ከቢሮው አሳፍራ ቁልቁለቱን ስትወርድ ከፊቷ ያለው አውቶቡስ ቆመ። ፍሬን ያዘች። መኪናዋ መቆም ትታ መንሸራተት ጀመረች። አውቶቡሱን ላለመግጨት መሪውን ስታዞር በቀያሹ በኩል ከሲሚንቶ ምሰሶ ጋር ተላተመች። እሷ ግንባሯ ተጫረ። የቀያሹ ዳሌና ጉልበቱ ደቀቀ።

ለጎሚስታው የነገረችው እትዬ ናት፤ መኪናዋን የጎተተው ሾፌር ነግሯት። ልብሱን ሳይቀይር ሆስፒታል ደረሰ። ኮሪደሩ የመድኃኒትና የእርጥብ ልብስ ሽታ ይሸታል። እናትየው ከሐኪሞቹ ጋር ውስጥ ነበረች፤ ልጅቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ግንባሯ ላይ ፋሻ አለ። ስታየው ተነሳች።

«ትራፊክ ፖሊሱ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'በዚህ ጎማ፣ በዝናብ፣ አስፋልት ላይ? ማነው የመረጠልሽ?' አለኝ። ፖሊሱ የሚያውቀውን አንተ አታውቅም ነበር?»

አንተ አለችው። አሥራ ሦስት ዓመት የናፈቀው ቃል እንዲህ ሆኖ መጣ።

«አውቅ ነበር» አለ።

«እና?»

«እንዳትከፊብኝ ብዬ ነው።»

ልጅቷ እንደማያውቀው ሰው አየችው። ስትናገር ድምፏ ወረደ፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። «አባዬ ላይ በቀን አሥር ጊዜ እከፋለሁ። በር እዘጋበታለሁ፣ አኮርፈዋለሁ። አንድም ቀን ፈርቶኝ አያውቅም። አንተ አንዴ ብከፋብህ ጊዜ…» ሳትጨርሰው ተቀመጠች። «ሂድልኝ።»

ሄደ። በሦስተኛው ቀን ግን፣ እናትና ልጅ ልብስ ሊቀይሩ ወደ ቤት የሚሄዱበትን ሰዓት አጣርቶ ተመለሰ። ቀያሹ እግሩ በገመድ ተወጥሮ፣ ፊቱ ገርጥቶ ተኝቷል። ሸሚዙ አልተቆለፈም፤ ያለ ቁልፍ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ጎሚስታው ወንበር ሳይስብ ቆሞ ተናገረ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ አልመጣሁም፤ ይቅርታ የሚያነሳው ነገር አይደለም። አውቄ ነው የገጠምኩት። ይሄንን ከአፌ ስማ ብዬ ነው።»

ቀያሹ ትራሱ ላይ ጭንቅላቱን ወደ እሱ አዞረ።

«እኔም አውቅ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ሃያ ዓመት ገጠር ለገጠር የነዳሁ ሰው ነኝ እኮ። የጭቃ ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ ምን እንደሚያደርግ ይጠፋኛል? አይገባኝም ያልኩት አንተ እንድትነግራት ነው፤ ከአንተ አንድ ነገር እንድትወስድ ብዬ። ቃልህን ስታጥፍ ላስቆምህ ነበር። ከዚያ አቀፈችህ። ያንን መቀማት ነውር መሰለኝ።» ዓይኑን ጨፈነ። «የአንተ ፍርሃትና የእኔ ይሉኝታ ተጋግዘው ሊገድሏት ነበር።»

መስኮቱ ላይ ዝናቡ ይንጠባጠባል። ጎሚስታው የሚይዘው አጥቶ የአልጋውን ብረት ያዘ። ከሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ቀለለው፤ ወዲያው ደግሞ ያ መቅለል ራሱ አሳፈረው። ብቻውን አይደለም ማለት ነው። ልጅቷ ይሄንን ብትሰማ ጥፋቱ ለሁለት ይከፈላል።

«እነግራታለሁ» አለ ቀያሹ። «ማወቅ አለባት።»

«ተው» አለ ጎሚስታው። «አትንገራት። አሁን የምታምነው ሰው አንተ ብቻ ነህ። ሁለታችንንም ካጣች በማን ትደገፋለች?»

ይሄንን ሲል ከልቡ ነበር፤ ነገር ግን ደግሞ፣ በሌላኛው የልቡ ጥግ፣ «አይሆንም፣ ይሄን ሁሉ አንተ ብቻህን አትሸከምም» እንዲለው ይጠብቅ ነበር። ለመጠበቅ ጊዜ አላገኘም።

«እሺ» አለ ቀያሹ።

ፈጠነ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንደ ሸክም የወረደለት መሰለ፤ ትከሻው ትራሱ ላይ ላላ አለ። ሁለቱም ያንን ፍጥነት ሰሙት፤ ስለዚህ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ጎሚስታው «እግዜር ይማርህ» ብሎ ወጣ።

ቀያሹ ከሁለት ወር በላይ ተኝቶ በከዘራ መሄድ ጀመረ። ለልጅቷ ነግሯት ይሆናል ብሎ ጎሚስታው መጠበቁን አልተወም፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል። አልደወለችም። መኪናዋ ጥገና መግባቷን ሲሰማ ለበጋም ለክረምትም ከሚሆኑት አራት ጎማ መረጠ። የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት ከጎናቸው አነበበ፣ እያንዳንዳቸውን አዙሮ ዳበሰ፣ ከመደርደሪያው ሥር ጨርቅ አልብሶ አስቀመጣቸው። ከዚያ ለእናትየው ደወለ፤ ከተለያዩ ወዲህ ሲደውልላት የመጀመሪያው ነበር።

«ጎማ አስቀምጬላታለሁ» አለ። «እኔ እንኳ ባልገጥመው፣ ወስዳችሁ የትም አስገጥሙት።»

«ተገጥሟል» አለች እናትየው። ድምፏ ውስጥ ቁጣም አልነበረም። «ሌላ ቦታ። አባቷ ነው የመረጠላት።»

«ደህና ዓይነት ነው?»

«ደህና ነው አሉ።»

«እሰይ» አለና ስልኩን ዘጋ።

በሳምንቱ እትዬ ዕቃ ስትቆጥር ጨርቁን ገልጣ አራቱን ጎማዎች አየች። ውጪ አንድ የታክሲ ሾፌር ልክ የእነሱን ቁጥር ፈልጎ ቆሟል።

«እነዚህ የተያዙ ናቸው እንዴ?» አለችው።

ጎሚስታው ሁለቱን በሁለት እጁ አቁሞ ወደ በሩ ማንከባለል ጀመረ።

«የማንም አይደሉም» አለ።