ተራዎ ደርሷል

የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሰው ጀርባ ተቀምጬ ዘፋኝ አሰምቻለሁ። ድምፁ ያማረ ቀን ጭብጨባው ለዘፋኙ ነው፤ ማይኩ ያፏጨ ቀን ደግሞ ስድቡ ለእኔ ነው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለማማረርም ነው።

ዘፋኟ የእህቴ ልጅ ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ እኔ በምሠራበት አዳራሽ ከአንድ ባንድ ጋር ትዘፍናለች። አጎቷ ነህና ታደላለህ እንዳልባል ስለ ድምፅዋ ብዙ አልናገርም። እሷ ስትዘፍን ሚክሰሬ ላይ የማስተካክለው ነገር ስለማይኖር እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፣ በቃ። ችግሩ ዓይኗ ነው። ማይክ ፊት ስትቆም ዓይኗን ትጨፍናለች፤ የመጨረሻው ዘፈን እስኪያልቅ አትገልጠውም። እጇ አይነሳ፣ እግሯ አይነቃነቅ። በአንዱ ዘፈንና በሌላው መካከል «እንዴት ዋላችሁ» እንኳን አይወጣትም። የባንዱ ልጆች «ምሰሶ» ይሏታል። በፍቅር ነው፣ ግን ይሏታል።

ሰው ደግሞ ጥሩ ድምፅ ልስማ ብሎ ብቻ ከቤቱ አይወጣም። ጥሩ ድምፅ ቤቱም ሬዲዮው ውስጥ አለው። እኛ ጋ የሚመጣው ዘፋኙ እንዲያየው ነው። አንድ ዘፋኝ ነበረን፣ ድምፁ የተሰነጠቀ ጀሪካን ነው። ግን ጣቱን ወደ ሰገነቱ ሲቀስር ሠላሳ ሰው «እኔን ነው ያለኝ» ብሎ ይምላል። ሌላው ደግሞ ግጥሙ የጠፋው መስሎ ዝም ይላል፤ ያኔ አዳራሹ እየጮኸ ያስታውሰዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያችው ስንኝ ላይ ሲረሳ አንድም ሰው አልነቃበትም። ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነግሬያታለሁ። ትሰማኛለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ መድረክ ላይ ወጥታ ትጨፍናለች።

ሦስት እሁድ በተከታታይ ሰው ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ እየተነሳ መውጣት ጀመረ። የአዳራሹ ኃላፊ በሩ ጋ ቆማ የሚወጣውን ትቆጥር ነበር። ሐሙስ ዕለት ሁለታችንን ቢሮዋ ጠራችን። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገር አታንዛዛም እንጂ። የፊታችን እሁድም ሰው እንዲህ በመሐል ከወጣ ቀኑን ለሌላ ዘፋኝ እንደምትሰጥ ነገረችን። የእህቴ ልጅ አላለቀሰችም። ደረጃውን ስንወርድ ግን አንድ ነገር አለችኝ።

«ይሄ ከቀረ ሌላ ቦታ ሄጄ ዘፈን አልለምንም፣ አጎቴ። የታካሚዎቼን ካርድ እያወጣሁ እኖራለሁ።»

አንጀቴን በላችው። ማታውኑ እህቴን አግኝቼ፣ ነገሩን ለእኔ ተዪው አልኳት። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰው ነገሩን ለእኔ ተዪው ሲላት መርፌዋን አስቀምጣ ትኩር ብላ ታየዋለች። እኔንም አየችኝ።

ዘዴዬ ቀላል ነበር። ከሚክሰሬ ጎን አንድ አጭር ማይክ አለች። ቁልፏን ተጭኜ ስናገር መድረክ ላይ ያሉት ብቻ፣ በጆሯቸው በሰኩት ማዳመጫ፣ ይሰሙኛል። «ጊታሩን ቀንስ»፣ «አንድ ዘፈን ቀርቷል» የምለው በእሷ ነው። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ስትዘፍን እኔ ከኋላ ሆኜ በጆሮዋ ማንን እንደምታይ፣ መቼ እጇን እንደምታነሳ እነግራታለሁ። ከማይኳ አጠገብ ትንሽ መቀየሪያ አለች። ወደ ላይ ስትሆን ድምፄ ወደ መድረክ፣ ወደ ታች ስትሆን ወደ አዳራሹ ስፒከሮች ይሄዳል። እሁድ ጠዋት ስፒከሮቹን ለመሞከር ወደ ታች አድርጌ «አንድ፣ ሁለት» ስል ቆየሁ። በመሐል የኪቦርድ ተጫዋቹ ገመዴ ተበላሸ ብሎ ጠራኝ፤ ሄጄ ጠግኜ ተመለስኩ። መቀየሪያዋን ግን ወደ ላይ አልመለስኳትም። «ቁልፍ ከመጫንህ በፊት ሁለቴ እይ» ብዬ ያልጮህኩበት ሰው የለም፤ እኔው አንዴም አላየሁም።

ሰዓቱ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ባይፈስም አላሳፈረንም። እህቴ መሐል ላይ ተቀምጣ ለልጇ የሰፋችውን አረንጓዴ ቀሚስ እያየች ትከሻው ጠቧል ብላ ትጨነቃለች። ኃላፊዋ እንደ ልማዷ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

የመጀመሪያው ዘፈን አለፈ፣ ዓይን እንደተጨፈነ። ሁለተኛው ላይ ከፊቴ ያሉት ሁለት ሰዎች ስልካቸውን አወጡ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ትልቁን ማዳመጫ በሁለቱም ጆሮዬ ላይ ደፋሁት። የእሷን ድምፅ ብቻ እየሰማሁ ቁልፏን ተጫንኩ።

«ዓይንሽን ግለጪ፣ የኔ ልጅ። አይበሉሽም።»

አዳራሹ በሙሉ ሰማ። እኔ ብቻ አልሰማሁም።

እሷ ደንግጣ ዓይኗን በረገደችው። ሠርቷል ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መዝፈኗን አላቋረጠችም፤ እኔም ቀጠልኩ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሰማያዊ ሻርፕ ያደረገችውን ሴትዮ እንድታያት፣ ስትገባ እንዳየሁት ፊቷ ደግ እንደሆነ ነገርኳት። ሴትዮዋ በኋላ እንደሰማሁት ሻርፗን አስተካክላ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ቀጥዬ የእህቴ ልጅ እጇን እንድታነሳ፣ ማይክ የያዘውን ሳይሆን ሌላኛውን እንዲሆን ተናገርኩ። እሷ ስታነሳ የአዳራሹ ግማሽ አብሯት አነሳ። እንዴት ያለ ሕዝብ ነው ብዬ ተገረምኩ። ከበሮ መቺው በሳቅ ምት ሲስት ሰካራም ብዬ ሰደብኩት፤ ያም ተሰማ። የሰው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ እያየሁ፣ ወደዱሽ፣ በርቺ እላታለሁ።

በዚህ ብቻ ባቆም ምን ነበረበት?

«ከባለ ሻርፗ ጎን ያለውን ኮምጣጣ ሰውዬ ግን እንዳታይው» አልኩ። «አንገቱን ደፍቷል፤ እንቅልፉን ይለጥጥ። እናትሽንም አትያት፤ የትከሻው ስፌት ላይ ዓይኗን ተክላለች።»

እህቴ ከመሐል ተነስታ ወደ እኔ ስትመጣ አየኋት፤ ልታመሰግነኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ደርሳ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አንስታ አንገቴ ላይ ጣለችው።

«አንተ ሰውዬ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማህ ነው።»

ጣቴ አሁንም ቁልፏ ላይ ነበር። እሷ ያለችው ተሰማ፤ እኔ «ወይ ጉዴ» ያልኩትም ተሰማ። መቀየሪያዋን አየሁ። ወደ ታች ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዘፈኑ ቆመ። ሳቁ ቤቱን አናወጠው። ያ ኮምጣጣ ያልኩት ሰውዬ ግን አልሳቀም። ሽበታም ጺም ያለው፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ተነስቶ በመተላለፊያው ወደ በሩ ጉዞ ጀመረ። አንዱ «እንቅልፍዎን ጨርሰው ይሂዱ እንጂ» ብሎ ቀለደበት፤ ሌላው ሽማግሌ አይሰደብም ብሎ ተቆጣ፤ ከወዲህም ከወዲያም ጫጫታ ሆነ። ሌሎች አራት ሰዎች ኮታቸውን ይዘው ተነሱ። ኃላፊዋ በሩ ጋ ቀና ብላ ቆመች፤ መቁጠር መጀመሯ ነው። በሦስት እሁድ ጨርሶ ያልተበላሸውን ነገር እኔ በገዛ እጄ በአንድ ቀን አበላሸሁት አልኩ።

ያኔ ከመድረኩ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። የእህቴ ልጅ ማይኩን በጥፍሯ እየመታች ነበር። ካርድ ክፍል ሄጄ አይቻታለሁ፤ ሰልፉ ሲበተንና ሰው ሲጯጯህ የመስኮቱን መስታወት በእስክሪብቶዋ እንዲህ ነው የምታንኳኳው። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። የተናገረችበት ድምፅ ግን የዘፈን ድምፅዋ አልነበረም፤ የመስኮቷ ድምፅ ነበር።

«ተራ በተራ» አለች። ጫጫታው ረገብ አለ። «አባቴ፣ የት እየሄዱ ነው? ካርድዎ እኮ እኔ ጋ ነው።»

ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሆስፒታል ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ሰምቶ አያልፍም። አዳራሹ እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን የሚሳቅበት እሱ አልነበረም። ወደ መድረኩ ዞረ።

«እኔ አልተኛሁም» አለ። «ስሰማ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አራት እሁድ መጥቻለሁ። አንቺም ስትዘፍኚ ትጨፍኛለሽ፤ እኔ ኮምጣጣ ብዬሻለሁ?»

ከእፍረቴ የተነሳ አንገቴን ሚክሰሩ ላይ ደፋሁ።

«አላሉኝም» አለችው። «ይቅርታ ያድርጉልን። ያ የሚናገረው አጎቴ ነው። አጎት ደግሞ አይመረጥም።»

እህቴ ከጎኔ ሆና ጮክ ብላ ሳቀች። የገዛ እህቴ።

የእህቴ ልጅ፣ ምን ብለው መጡ ስትል ጠየቀችው፤ ታካሚን እንደምትጠይቀው። ሰውዬው ጺሙን አሸት አሸት አደረገና፣ በመጀመሪያው እሁድ ስለ ባቡር መስኮት የሚናገር ዘፈን እንደጀመረች፣ የሚወጣው ሰው ወንበር ሲንኳኳ አሳጥራ እንደተወችው አስታወሳት።

«መጨረሻውን አልሰማሁም» አለ። «እሱን ልስማ ብዬ ነው የምመላለሰው።»

ይህን ስትሰማ የሆነችውን ከኋላ ሆኜ አየሁት። ትከሻዋ ወረደ፤ የእናቷ ስፌት እንኳን ሰፋ ያለ መሰለ። ያ ሁሉ ሰው ሲወጣ አንድ ሰው ተቀምጦ መጨረሻውን ሲጠብቅ እንደነበር አላወቀችም ነበር። ዓይኗን ጨፍና እንዴት ልታውቅ?

ሰውዬው ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ኮታቸውን ያነሱትም ተቀመጡ። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀምራ እስከ ጫፉ ዘፈነችለት፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል። እሱ ገና በሁለተኛው ስንኝ ጨፈነ። ማንም ምንም አላለውም። ሲያልቅ ዓይኑን ገልጦ አንዴ፣ ቀስ ብሎ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ቀጣይ» አለች የእህቴ ልጅ።

ከዚያ በኋላ ያንን አዳራሽ ማን ይችለዋል? ሁለት መቶ ሰው ሰልፈኛ ሆነ። ባለ ሻርፗን፣ «እናቴ፣ እርስዎ ቀድመዋል» አለቻት። ከኋላ እጁን ያወዛወዘውን ጎረምሳ፣ ሰው አይቅደም ብላ ገሠጸችው፤ ተራው ሲደርስ ከሁሉ በላይ ያፈረው እሱ ሆነ። አንድ በአንድ ፊት ለፊት እያየች ትጠይቃለች፣ ትመልሳለች፣ ትዘፍናለች። ለካስ ይህች ልጅ በቀን ሦስት መቶ ሰው ታናግር ኖሯል። እኔ ነኝ ሰው ፊት መናገር አትችልም ብዬ የደመደምኩት።

መቀየሪያዋን ወደ ላይ መለስኳት፤ ሁለቴ አየሁ። አንድ ነገር ልመክራት ቁልፏን ልጫን ስል የእህቴ ልጅ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ቅር አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ። እጄን ሰብሰብ አድርጌ ተቀመጥኩ። በሩን ሳይ ኃላፊዋ መቁጠሯን ትታለች። እጇን አውጥታ ተራ ትጠብቃለች። ደርሷት የጠየቀችውን ዘፈን ከሰማች በኋላ ወደ እኔ መጥታ ጎንበስ ብላ፣ እሁድን ለማንም አልሰጥም አለችኝ። እህቴ ክንዴን ጨመቀችው።

ሊያልቅ ሲል የእህቴ ልጅ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ ኋላ ተመለከተች።

«የመጨረሻ ሰው» አለች። «እዚያ ጥግ፣ ትልቅ ማዳመጫ አንገታቸው ላይ ያደረጉት አባት። ተራዎ ደርሷል። ምን ልዝፈንልዎ?»

ሁለት መቶ ፊት ዞሮ አየኝ። በሠላሳ ዓመት እዚያ ተቀምጬ ከጀርባቸው በቀር ያየሁት አልነበረም። እህቴ አጭሯን ማይክ ወደ አፌ ገፋችልኝና መቀየሪያዋን እሷው ወደ ታች አደረገችልኝ። ቁልፏን ተጫንኩ። ስንቱን ዘፋኝ ያስተማርኩ ሰው አፌ ተሳሰረ። ትንፋሼ ብቻ በስፒከሮቹ ይሰማል። ሌላ መግቢያ ሳጣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

በጨለማው ውስጥ ድምፅዋ መጣ፤ የመስኮቷ ሳይሆን የቤታችን ድምፅ።

«ግለጠው፣ አጎቴ። አይበሉህም።»