በሞተሩ በኩል ያለው ግድግዳ

ግሌኒስ እስከ ወገቧ የጀልባዋ የበረዶ ሳጥን ውስጥ ገብታ፣ ቅዝቃዜ እንዲይዝ የተለጠፈውንና ውኃ የጠጣውን አሮጌ ፎም ከሳጥኑ ወለል በመሮ ትፈነቅላለች። ፎሙ በተነካ ቁጥር የከረመ ወተትና የዓሣ ሽታ ይወጣዋል። ባሏ ኔቪል ከአጠገቧ ቆሞ፣ ከጎረቤት ጀልባ ብቅ ካለው ከሚክ ጋር ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት ይከራከራል። በአውስትራሊያዋ ቡንዳበርግ የጀልባ ማቆሚያ ውስጥ ምክር እንደ ዝንብ ነው፤ ሳትጠራው ይመጣል። ግሌኒስ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ መሮዋን ቀጠለች።

አዲሱ የማቀዝቀዣ ማሽን ሳይፈታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ያለ እሱ ዘንድሮ ከዚህ ንቅንቅ አትልም። ባለፈው ዓመት ባሕሩን አቋርጠው ወደ ኒው ካሌዶኒያ ደሴት ሲሻገሩ በረዶው መንገድ ላይ አለቀ፤ የስኳር መድኃኒቷ በሙቀት ተበላሸ፤ መሬት እስኪያዩ ድረስ ኔቪል እጇን ይዞ ሲያለቅስ ነበር። ሳጥኑ ቅዝቃዜ ካልያዘ ብቻህን ትሄዳለህ ብላዋለች።

ወለሉን ጨርሳ ቀና ስትል፣ ኔቪል ትናንት በአዲስ ፎም የሠራቸውን የሳጥኑን ግድግዳዎች ውፍረት በጣቷ ለካች። ሦስቱ አራት አራት ጣት ናቸው። አራተኛው ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም።

"ኔቪል፣ ይሄ በሞተሩ በኩል ያለው ለምን ሳሳ?"

ኔቪል ጺሙን አከከ። "የቢራው ካርቶን ነዋ። ግድግዳውን ካወፈርኩት ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ለክቼዋለሁ።"

"በቢራ ካርቶን ነው የለካኸው?"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለካው። ሚክን ጠይቂው።"

ሚክ ግን የጀልባውን ገመድ ማየት እንዳለበት ድንገት ትዝ ብሎት ሹልክ ብሎ ወጥቷል።

የግሌኒስ ደም ፈላ። "ሞተሩ ሲነሣ ያ ግድግዳ እንደ ምድጃ ይግላል። ማሽኑ ሌት ተቀን ሲለፋ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ከዚያ የኔ መድኃኒት ምን ይሆናል? ዕድሜህን ሙሉ ጀልባ ላይ ኖረህ ይሄ ይጠፋሃል?"

"አልጠፋኝም" አለ ኔቪል ቀስ ብሎ።

ይሄ ነው ይበልጥ ያናደዳት። ባያውቅ ይሻል ነበር።

"እንግዲያው ካርቶንህን ይዘህ ሂድ። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ኔቪል የቢራውን ካርቶን አንሥቶ ወጣ። ወዲያው ከውጭ የጣሳ መከፈት ድምፅና ሣቅ ተሰማ፤ አንዱ ልደትህ ነው እንዴ ሲለው ሰማችው። እኔ እዚህ ሽታ ውስጥ ተቀብሬ እሱ ይጋብዛል፣ ብላ ንዴቷን ሁሉ ስሱ ግድግዳ ላይ ተወጣችው። በመሮ ገነጣጥላ ጣለችው።

ኔቪል ሲመለስ አንድም ጣሳ አልያዘም። ባዶውን ካርቶን በቢላ ሰነጠቀና ዘረጋጋው። የተገነጠለውን ግድግዳ አየ። አጎንብሶ ካርቶኑን በሞተሩ በኩል ለጠፈና፣ አዲሱ ፎም የሚቆረጥበትን ልክ ለማውጣት የሳጥኑን ጠርዝ እየተከተለ ይቀድ ጀመር። አንደኛው ጫፍ እየተጠቀለለ አስቸገረው።

"አራት ጣት ላድርገው?" አለ ሳያያት።

ግሌኒስ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና የሚጠቀለለውን ጫፍ ያዘችለት።

"አምስት አድርገው" አለችው። "ሩቅ ነው የምንሄደው።"