የጨንቻ ዳገትና የሸዋንዳኝ ስለት

ሸዋንዳኝ ስለቱ ላይ አንዲት ነገር ባይጨምርበት ኖሮ የዚያ ቅዳሜ ጉዞ ሽርሽር በሆነለት ነበር። ግን ሰው ሲጨንቀው ስለቱን መጥኖ አይሳልም። ሚስቱ በለጥሽ ከከባድ ቀዶ ጥገና በኋላ ከአልጋ መነሳት አቅቷት፣ ሐኪሞቹም «እንግዲህ እናያለን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ባጡበት ሰሞን፣ ሸዋንዳኝ የሆስፒታሉን ግድግዳ ተደግፎ ከጨንቻ ማዶ ወዳለው የትውልድ መንደሩ በልቡ ዞረና፣ «ኪዳነ ምሕረት፣ እሷን ካዳንሽልኝ ደወል ከነብረት ማማው ደጅሽ አደርሳለሁ» አለ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ያነሰ መሰለውና፣ «ያውም በገዛ መኪናዬ፣ መንገድ ላይ ሳልቆም» ብሎ አከለበት።

በለጥሽ ዳነች። ደወሉም ተገዛ፤ ማማውም እነሱ በሚኖሩበት በሲቀላ ሰፈር ተበይዶ አለቀ። አሁን ሁለቱም ተጎታች ላይ ተጭነው፣ በገመድ ተጠፍረው፣ የሸዋንዳኝን ፒካፕ ከኋላ ይከተላሉ። በለጥሽ ነጠላዋን ተከናንባ ከጎኑ ተቀምጣለች። ስለቱን ታውቃለች። ያቺን የመጨረሻዋን ጭማሪ ግን አታውቃትም። ብትሰማ እንደምትስቅበት ስለሚያውቅ በሆዱ ይዟት ነው የመጣው።

በሙዝ እርሻዎቹ መሃል ሜዳውን ሲነዱ መኪናው ተጎታች መኖሩንም የረሳ ይመስል ነበር። መገንጠያው ላይ ወደ ጨንቻ ታጥፈው ዳገቱ ሲጀምር ግን ነገር መጣ።

ሸዋንዳኝ ዕድሜውን የጨረሰው አይሱዙ ላይ ነው። ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ማርሹን በእጁ መርጦ፣ የመኪናውን ድካም በእግሩ እያዳመጠ የኖረ ሰው ነው። ይቺ ፒካፕ ግን አውቶማቲክ ናት። ማርሽ ራሷ ትመርጣለች፤ እሱ ደግሞ መረጠችለት ብሎ ያምናታል። ከመነሳቱ በፊት የሰፈሩ መካኒክ ይፍሩ በሩ ላይ ተደግፎ መክሮት ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ብረት እየጎተቱ ዳገቱን ዲ ላይ፣ ማርሹን ለእሷ ትተው፣ እንዳይወጡት። አንዴ ሦስተኛ አንዴ ሁለተኛ እያለ ሲዋልል የካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ዘይት ይግላል። በእጅዎ ሁለተኛ ላይ ያስገቡና እዚያው ይያዙት። የሙቀቱ መብራት ከበራ ደግሞ ይቁሙ። ሞተሩን ግን እንዳያጠፉ፤ ዘይቱ የሚቀዘቅዘው ሲዞር ነው።»

ሸዋንዳኝ ምክሩን በሙሉ ሰምቷል። «ይቁሙ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሁለተኛ ማርሽንም ቢሆን አልወደዳትም። በሁለተኛ ሞተሩ ይጮሃል፤ በእሱ ቤት ደግሞ የሚጮህ ሞተር የሚሰቃይ ሞተር ነው። ስለዚህ ዲ ላይ ተዋት። መኪናዋም በጸጥታ ወጣች። ኩርባው ላይ ትደክምና ማርሽ ታወርዳለች፣ ትንሽ ቀለል ሲላት መልሳ ትጨምራለች፣ ወዲያው ደግሞ ታወርዳለች። ከታች የአባያ ሐይቅ ቀይ ውሃ እየሰፋ፣ ነፋሱም እየቀዘቀዘ ሄደ። በለጥሽ መስኮቱን ከፈት አድርጋ የቀርከሃውን ሽታ ስትስብ፣ ከዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ምንም አይደል።»

«አንተ ምንም አይደል ስትል እኮ ነው እኔን የሚጨንቀኝ። ሆስፒታልም ምንም አይደል ነበር የምትለኝ።»

ሸዋንዳኝ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ሳበው። ሞተሩ ጮኸ። እሱም ጥርሱን ነክሶ ጩኸቱን ቻለ። ማርሹ ግን ከእንግዲህ አልዋለለም፤ አንድ ጊዜ ያዘ፣ ያዘ ነው። እግሩንም ነዳጁ ላይ ሳያበዛ፣ ከኋላው የመጣውን ሚኒባስ በእጁ ምልክት እለፍ እያለ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ከጥቂት ኩርባዎች በኋላ መብራቷ ጠፋች።

«አየሽ?» አለ በኩራት፣ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል።

«ጮኸና ዳነ እንግዲህ» አለች በለጥሽ። «እኔም ቀድሜ ብጮህ ኖሮ እንዲያ አልሆንም ነበር። ዝም ብዬ እየተቃጠልኩ ደህና ነኝ አልኩህ።»

ንግግሯ የሸዋንዳኝን ልብ ነካው። ያን ጊዜ ህመሟን ከእሱ ደብቃ ማሳ ስትውል፣ እሱም በአይሱዙው ሲዞር ውሎ ማታ ሲገባ ፊቷን እንኳ በቅጡ አላየውም ነበር።

ጨንቻን በጭጋግ መሃል አልፈው ወደ መንደሩ የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ያዙ። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ቄስ በርናባስ ደውለው፣ ምእመኑ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቃቸው ነገሯቸው። የቀረው አንድ ዳገት ብቻ ነው። ያ አንድ ዳገት ግን ካለፉት ሁሉ የባሰ ቀጥ ያለ ነው፤ ሸዋንዳኝ በልጅነቱ ሲወጣው እጁን ጉልበቱ ላይ ይተክል ነበር።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ በለጥሽ፣ «እዚህ ጋ አቁምልኝ» አለች።

«አሁን? ትንሽ ቻይው እንጂ፤ ልንደርስ እኮ ነው።»

«የምትለው ነገር አይደለም። አቁምልኝ ብቻ።»

«አይሆንም በለጥሽ!»

እንዲህ ተቆጥቷት ስለማያውቅ ዞራ አየችው። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን ጀመረ። እዚህ ግን ሁለተኛም አልበቃም። ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማው በቅጡ አይዞርም፤ ጉልበቱ የት እንደሚገባ እንጃ። ቢጫዋ መብራት በራች። ወደ አንደኛ አወረደው፤ አልጠፋችም። ጭራሽ ማስጠንቀቂያው ይንጫረር ጀመር። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ ገባ።

«ሸዋንዳኝ፣ ቁም!»

«አልቆምም!»

«ተጎታቹ ይዞን ወደ ኋላ ሊሄድ ነው! ምን ሆነሃል አንተ ሰው?»

«ስለት ነው!» ብሎ ጮኸ። «መንገድ ላይ ሳልቆም አደርሳለሁ ብያለሁ። ከቆምኩ...» ድምፁ ተቆረጠ። «ከቆምኩ መልሳ ትወስድብኛለች። አንቺን።»

ይኸው ወጣ። ከሲቀላ ጀምሮ መሪውን አንቆ የያዘው ለካምቢዮው ብሎ አልነበረም። መኪና ቢቃጠል መኪና ነው። እሱ የፈራው ያቺን አልጋ ነው።

በለጥሽ አልሳቀችም። መሪውን የጨበጠ እጁ ላይ እጇን አሳረፈች።

«ኪዳነ ምሕረት እናት ናት» አለች። «እንደ ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ ቆማ ፊሽካ አትነፋም። ቁም።»

ቆመ። ከዳገቱ ሥር ገና ብዙም አልራቁም። የእጅ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ሳበ፤ ማርሹንም ፓርክ ላይ አደረገ። በለጥሽ ቀድማው ወርዳ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ እያነሳች ነበር፤ ተው ቢላት አልሰማችውም። በተጎታቹም በፒካፑም ጎማዎች ሥር ድንጋይ አጎረሱ። ሸዋንዳኝ ተመልሶ ገብቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ነዳጁን ጥቂት ረገጥ አድርጎ ያዘው። ዘይቱ ይዙር። ሰማዩን በመስታወቱ አሻቅቦ አየ። ምንም አልሆነም። ጭጋጉ እንደነበረ ነው፤ ከአንዱ እንሰት ጓሮ በግ ይጮሃል።

በለጥሽ በመስኮቱ በኩል መጣች። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች።

«እኔም ተስያለሁ» አለች። «አልጋ ላይ እያለሁ። ካዳንሽኝ ይቺን የመጨረሻ ዳገት በባዶ እግሬ ወጥቼ ደጅሽን እስማለሁ ብያት ነበር። ዳገቱ ሥር ስንደርስ አቁምልኝ ያልኩህ ለዚያ ነው። ቀድሜ ብነግርህ አትፈቅድልኝም።»

«አልፈቅድም! ገና ቁስልሽ...»

«ቁስሌ ድኗል። ሐኪሙ ራሱ ተራመጂ ብሎኛል። አንተ ነህ ገና ያልዳንከው።» ፈገግ አለች። «አሁን አስበው፤ ያንተ ስለት ቢሞላ የኔ ሊፈርስ ነበር።»

ሸዋንዳኝ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ ባዶ እግሯን አየ።

እሷ ግን ፈቃዱን አልጠበቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና መንገዱን በእግሯ እየዳሰሰች፣ አንዳንዴ ድንጋዩ ሲወጋት እግሯን እያነሳች፣ ዳገቱን ጀመረች። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ መብራት ጠፋች። ሸዋንዳኝ ወርዶ ከፒካፑና ከተጎታቹ ጎማዎች ሥር ድንጋዮቹን አነሳ፤ ከዚያም አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን የፎር ዊሉን ከባድ ማርሽ አስገባ። ይሄን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረበት፤ ጠጠር ነው፣ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ ከኋላው አንድ ማማ ሙሉ ብረት አለ። ቶሎ ለመድረስ ሲል ነው የተወው። አሁን ሞተሩ እንደ ልቡ ጮኸ፤ መኪናው ግን ሳይጨነቅ፣ በሰው እርምጃ ልክ መውጣት ጀመረ። መብራቷም ተመልሳ አልበራችም።

ፊት ለፊቱ በለጥሽ ትሄዳለች። ያቺ ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ሰው የደገፋት ሴት ማንም ሳይደግፋት ትወጣለች። አንዴ ቆም ብላ ተነፈሰች። የሸዋንዳኝም ትንፋሽ አብሮ ቆመ። ደግሞ ቀጠለች። ያን የሆስፒታል ግድግዳ ተደግፎ የለመነው ይሄንኑ ነበር፤ ደወሉን ማድረሱን አይደለም፣ ሳይቆም መሄዱንም አይደለም፤ ስትራመድ ማየቱን ነው። የለመነው ከፊቱ እየሄደ እሱ ለካ ገና እንዳይወሰድበት ይለምን ኖሯል።

እንባው መጣ። አልከለከለውም፤ ማን ያየዋል? በእጅጌው ጠረገና፣ እንዳይቀድማት እግሩን ከነዳጁ ላይ ትንሽ አነሳ።