ቆርቆሮው የተነሳ ቀን

ያ ሰውዬ መገደሉን የሰማሁት መስታወት እየቆረጥኩ ነው።

በእኛ ሱቅ አንድ ሕግ አለ። መቁረጫው መስታወት ላይ ካረፈበት ጊዜ ጀምሮ መስታወቱ ለሁለት እስኪከፈል ድረስ ማንም ሰው ትንፍሽ አይልም። ደንበኛ ይሁን ዘመድ፣ ቤቱ በእሳት ቢያያዝ እንኳ መጀመሪያ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። መስታወት በእጅ ብቻ አይቆረጥማ፤ በጆሮም ነው የሚቆረጠው። መቁረጫው ደህና ሲሄድ ጭርር የሚል አንድ ወጥ ድምፅ አለው፤ ድምፁ ከተቆራረጠ መስመሩም ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህን ሕግ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ብቻ ነው እስከ ዛሬ ያልገባው።

«ገደሉት! ገደሉት እኮ!» ብሎ በሩን በርግዶ ገባ፣ ምላጩን በእጁ እንደያዘ።

እጄ ስቶ አንድ ደህና የመታጠቢያ ቤት መስታወት ላይ የተጣመመ መስመር አወጣሁበት። «ድፍት ያርግህ!» አልኩት። ማን እንደተገደለ የጠየቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

«ያ ሰውዬ ነዋ! በሬዲዮ እየተነገረ ነው። የተደበቀበት ድረስ ገብተው ገደሉት!»

በሰፈራችን «ያ ሰውዬ» ከተባለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙን በአፉ የሚጠራ የለም። ሩቅ ተቀምጦ፣ እኛን አይቶን ሳያውቅ፣ ሰው ልኮ መንገዳችን ላይ ቦምብ ያስፈነዳ፣ ከዚያም በቴሌቪዥን ብቅ ብሎ የኮራብን የአሸባሪዎች አለቃ ነው።

ባሌ ከኋላ ክፍል ፍሬም እየገጣጠመ ነበር። መዶሻውን እንደያዘ ብቅ አለና ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰማ። «እንግዲህ ጥሩ ነው» አለና ተመልሶ ገባ። ወዲያው መዶሻው ኳ ኳ ማለት ጀመረ።

ፀጉር አስተካካዩ ቅር አለው። «ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ? ትንሽ እንኳ ደስ አይለውም?»

«አንተ ሂድና የጀመርከውን ጺም ጨርስ» ብዬ አስወጣሁት።

ባሌን ግን ማንም ከሚያውቀው በላይ አውቀዋለሁ። ያኔ ቦምቡ ሊፈነዳ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ለታላቅ እህቱ ሻይ ቤት ትልቅ መስኮት ገጥሞላት ነበር። እህቱን ሁላችንም እታለም እንላታለን። የድሮው መስኮት ጠባብና ጨለማ ስለነበር ግድግዳውን አስፈርሶ፣ ከወገብ እስከ ጣሪያ የሚደርስ አንድ ወጥ መስታወት አስገባላት። ስጦታው ነበር። በከተማው መስታወት በመቁረጥ የሚወዳደረው ስላልነበረ ያን ሥራውን ለማየት የሚመጣ ሰው ሁሉ ነበር። ቦምቡ የፈነዳው ከመንገዱ ማዶ ነው። እሳቱ እታለም ጋ አልደረሰም፤ የደረሰባት መስታወቱ ነው። ግራ ዓይኗን ወሰደው።

ባሌ ሆስፒታሉ በር ላይ «የኔ መስታወት ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ሆድ ይፍጀው ብሎ ስለ ነገሩ አንድም ቃል ወጥቶት አያውቅም። መቁረጫውን ለእኔ ሰጠኝና ከዚያን ቀን ጀምሮ መስታወት ቆርጦ አያውቅም። ሙያውን ጣቴን እየቆረጥኩ የተማርኩት እኔ ነኝ። እታለም ደግሞ መስኮቷን በቆርቆሮ አስመትታ፣ በጠራራ ፀሐይ አምፖል እያበራች ሻይ ትሸጣለች። ጠዋት ወደ ሱቅ ስንመጣ እኔ በእሷ በር በኩል ሰላም ብያት አልፋለሁ፤ እሱ መንገዱን ተሻግሮ በማዶ ይሄዳል። ቤተሰብ ሲሰበሰብም ከእሷ ራቅ ብሎ አቀርቅሮ ይቀመጣል። «ያፈነዳኸው አንተ ነህ እንዴ?» እያልኩ ስንት ጊዜ ተጣላሁት! እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖበት መስታወት ሁሉ ሰው የሚበላ ይመስለው ጀመር።

ረፋዱ ላይ መንገዱ በጩኸት ቀለጠ። ታክሲዎቹ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፤ ወጣቶቹ መሃል መንገድ ላይ ይጨፍራሉ። ፀጉር አስተካካዩ «ዛሬ ጺም በነፃ» ብሎ ካርቶን ላይ ጽፎ ለጠፈና ጺም የሌላቸው ሳይቀሩ ተሰለፉ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ግን በሯን ገርበብ አድርጋ፣ «እነሱ ደግሞ ሊበቀሉ መምጣታቸው አይቀርም» ትላለች። ጡረተኛው አስተማሪ ጥግ ላይ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል።

«በሰው ሞት አይጨፈርም» አለ።

«ጋሼ፣ እኛ መች ጨፈርን? ጥሩምባ ነው የነፋነው» አለው አንዱ ባለታክሲ።

ፀጉር አስተካካዩም ከበሩ ሆኖ፣ «ለሰው ሞት አነሰው የተባለው ለሱ ነው፣ ጋሼ!» አለ።

እኔ ለማን እንደምፈርድ ቸግሮኝ ነበር። አስተማሪው እውነቱን ነው፤ ግን ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ያ ሰውዬ ዳግመኛ በቴሌቪዥን ላይ ጣቱን እየቀሰረ እንደማይቀርብ ሳስብ ደረቴ ቅልል ይለኝ ነበር።

በዚህ መሃል እታለም ሽርጧን እንዳደረገች ከሻይ ቤቷ ወጥታ ወደ እኛ ስትመጣ አየኋት። ማይክሮፎን የያዘች ጋዜጠኛ ልጅ ከኋላ ከኋላዋ ትከተላታለች።

«እናቴ፣ ዓይንዎን ያሳጣዎት ሰው ተገድሏል። አሁን ምን ተሰማዎት?»

«እግሬን አመመኝ» አለች እታለም፤ «አሳልፊኝ፣ ልጄ።»

ወደ ሱቃችን ገባችና በቀጥታ ባሌ ፊት ቆመች። ባሌ መዶሻውን አስቀመጠ፤ ዓይኑን ግን ከጠረጴዛው አላነሳም።

«መስታወት ላዝዝ ነው የመጣሁት» አለችው። «ያን ቆርቆሮ አንሳልኝ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። እስከ አሁን ዳግም ያስፈነዳል ብዬ ፈርቼ ነው። ከዚህ በላይ ማንን ነው የምጠብቀው?»

«ቆርቆሮው ምን አደረገሽ፣ እታለም? ቆርቆሮ ሰው አይቆርጥም።»

«ሰውም አያሳይም። የቀረችኝ አንድ ዓይን ናት፤ እሷንም ቆርቆሮ ሳሳያት ልሙት?»

እኔም ዝም ማለት አልችልምና ወደ ግድግዳው ጠቆምኩ። እዚያ በብርድ ልብስ የተሸፈነ አንድ ትልቅ መስታወት ተደግፏል። ሁለት መስታወት ተጣብቆ መሃሉ ስስ ላስቲክ ያለበት፣ ቢሰበር እንኳ የማይበተን ዓይነት ነው። ባሌ ከቦምቡ በኋላ የገዛው ነው። ስንቱ ደንበኛ ለምኖት «አይሸጥም» ይላል፤ ለምን እንደማይሸጥ ስጠይቀው ፊቱን ያዞርብኛል። ቦታ ያዘብን እያልኩ ስነዘንዘው የኖርኩት እኔ ሞኟ ለማን እንዳስቀመጠው ያኔ ገባኝ።

«እሱ ይቁረጠው» አለች እታለም ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እያየች።

«ሚስቴ ትቆርጥልሻለች» አለ ባሌ፤ እኔ ሜትሩን ላነሳ ስል ደግሞ እጄን ያዘኝ። «መለካት አያስፈልግም፤ አውቀዋለሁ።» ቁመቱንና ስፋቱን ሳይሳሳት፣ እንደ ገዛ ስሙ ነገረኝ። ያን ሁሉ ዓመት በጭንቅላቱ ይዞት ኖሯል። ራሱ ያስተማረኝ «ደጋግመሽ ሳትለኪ እንዳትቆርጪ» እያለ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን አንጀቴን በላኝና እሺ አልኩት። እሱ ወደ ውጭ ወጣ፤ እኔ በሩን ዘግቼ ቆረጥኩ።

መስታወቱ ከባድ ስለሆነ ባሌ ከፊት ያዘ፤ እኔ ከኋላ፣ ፀጉር አስተካካዩና ባለታክሲው ከጎንና ከጎን። «መስታወት! መስታወት!» እያልን በጭፈራው መሃል ስናልፍ ሰው እንደ ሙሽራ መንገድ ለቀቀልን። የደስታው አካል የመሰላቸውም አጨበጨቡልን።

ሻይ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ እታለም ቆርቆሮውን አስነቅላ ጨርሳለች። ባሌ ያን መስኮት ከዚያ ጊዜ ወዲህ ቀና ብሎ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። መስታወቱን አንስተን ወደ ቦታው አስጠጋነው። አልገባም። በሁለት ጣት ስፋት ይተርፋል።

ለካ ቆርቆሮውን የመታው ግንበኛ ለምስማሩ መያዣ እንዲሆነው በአንድ ጎን ሲሚንቶ ጨምሮበት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ የሚያየው ነገር ነው። የማያውቀው በማዶ የሚሄደው የእኔ ባል ብቻ ነው። እኔም በየቀኑ እያየሁት ልብ አላልኩትም፤ ለእኔም ወዮልኝ።

ሁላችንም ተያየን። ትልቅ መስታወት መሃል ለመሃል መክፈል ማንም ይማረዋል። ከጠርዝ ላይ ሁለት ጣት ብቻ መቁረጥ ግን ሌላ ሙያ ነው፤ የሚያዝ ነገር ስለሌለው መስመሩን ትቶ ወደ መሃል ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለ ድርብ መስታወት ላይ ደግሞ በሁለቱም በኩል መስመሩ ልክ ለልክ መግጠም አለበት። እኔ አልችለውም። ሌላ ትርፍ መስታወትም የለንም።

«ቆርቆሮውን እንመልሰው» አለ ባሌ።

«ቆርቆሮውን ቆራሌው ወስዶታል» አለች እታለም ኮስተር ብላ። እውነቷን ነበር፤ ሰውዬው ተሸክሞት መታጠፊያው ጋ ደርሷል።

ከዚያ ጠጋ አለችውና ትከሻውን ያዘችው። «ስማኝ፣ ወንድሜ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሌሊት እየተነሳሁ የረገምኩት አንተን መስሎህ ነው? ያንን ሰውዬ ነው። ዛሬ እሱም ሞተና የምረግመው አጣሁ። አንተም ራስህን መርገም ተውና ሥራህን ሥራ።»

ባሌ አንገቱን ደፋ። እኔ መቁረጫውን ከሽርጤ ኪስ አውጥቼ ዘረጋሁለት። ቶሎ አልተቀበለኝም። በመጨረሻ ተቀበለኝ። እንዲንሸራተትለት ጫፉን ላምባ ውስጥ ነከረው፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ዞሮ አየ።

«በዚህ ጫጫታ አይቆረጥም» አለ። ማምለጫ ፍለጋ እንደሆነ ገባኝ።

ፀጉር አስተካካዩ፣ ሕጉ ገብቶት የማያውቀው ያ ጉድ፣ ከእታለም ወንበሮች አንዱን ስቦ ወጣበትና እስከ መንገዱ ጫፍ በሚሰማ ድምፅ ጮኸ። «መስታወት ሊቆረጥ ነው! ዝም በሉ!»

ሰፈሩ ሕጉን ያውቃል አላልኩም? መጀመሪያ ታክሲዎቹ ጥሩምባቸውን አቆሙ። ከዚያ ጭፈራው ቆመ። የሻይ ቤቱን ሬዲዮ አንዱ ዘጋው። አስተማሪው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ የሚያንሾካሹኩትን ገሰጸ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጭጭ አለ።

ባሌ መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ጎንበስ አለ። ጭርር። አንድ ወጥ ድምፅ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ገለበጥነው፤ ደግሞ ጭርር። በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው ቀጭ አለ። መሃል ያለው ላስቲክ ብቻ ሳይቆረጥ ሲቀር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አቀበለው። ሁለት ጣት የሚያህለው ቁራጭ አንድ ስንጥቅ ሳይኖርበት መዳፉ ላይ ቀረ።

ያኔ የተነሳውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። ለዚያ ሰውዬ ሞት ያልጮኹት ሁሉ ጮኹ። አስተማሪው አጨበጨበ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እንኳ በሯን ብርግድ አድርጋ ወጣች።

መስታወቱ ቦታው ገባ፤ ዙሪያውን በስቱኮ መታነው። የከሰዓት ፀሐይ ሻይ ቤቱ ውስጥ ዘልቃ ብርጭቆዎቹ ላይ አረፈች። እታለም አምፖሉን አጠፋችና ከመስኮቱ አጠገብ፣ ቦምቡ በፈነዳ ዕለት ተቀምጣበት በነበረው ቦታ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጋዜጠኛዋ እንደገና መጣች።

«እናቴ፣ አሁንስ ምን ተሰማዎት?»

«ገለል በይልኝ፣ ልጄ» አለቻት፤ «ብርሃኔን ጋረድሽብኝ።»

ባሌ መስታወቱን በጨርቅ ወልውሎ ዕቃውን ሰበሰበ። ከዚያ ልማድ ክፉ ነውና መንገዱን ሊሻገር ተነሳ። እታለም ከውስጥ በጣቷ መስታወቱን ኳ ኳ አደረገች። ዞረ። ተነስታ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ያኔ ስትሻገር በኮቴህ አውቅህ ነበር» አለችው። «በየጠዋቱ። ይኸው አሁን ደግሞ አይሃለሁ። ግባ፣ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ።»

ገባ። ከእሷ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሁለቱም ወደ መንገዱ እያዩ ሻይ ሲጠጡ እኔ ከውጭ፣ በዚያ መስታወት በኩል አየኋቸው፤ አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ፣ ደስ ብሎኝ ነው። ባሌ መቁረጫውን ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶታል። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።