ከሁለት ልጅ ለአንዱ

«መጠጥ ነው የበላው፤ ሌላ ምን አለ?» አለች አክስቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። የአክስቱ ሹክሹክታ ለሦስት ቤት ይበቃል።

መስታወት ቆራጩ ሰማት፤ አልተቆጣም። ትናንትም ከትናንት ወዲያም ይህንኑ ሰምቷል፤ እውነት ነው ብሎም ያምናል። አባቱ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለቀስተኛው ይገባል፣ «ያጽናህ» ይላል፣ ወንበር ይስባል፣ ለአፍታ አንገቱን ደፍቶ ይቆይና ስለ ኑሮ ውድነት ያነሳል። ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው፤ ሟች መጀመሪያ ይለቀስለታል፣ ቀጥሎ ይታማል።

ታናሽ እህቱ ጥግ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። የአምስት ወር እርጉዝ ናት። በልጅነቷ ከቅጥነቷ የተነሳ አባታቸው «ጭራሮ» ብሎ ያወጣላት ስም እስከ ዛሬ አልለቀቃትም፤ ሆዷ ገፍቶ እንኳ ጭራሮ ናት።

እኩለ ቀን ላይ አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ብቅ ስትል ወሬው ቀጥ አለ። ከመንገዱ ማዶ ያለው መሸታ ቤት ባለቤት ናት።

«ደግሞ ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች!» አለች አክስቱ።

መስታወት ቆራጩ ተነሳና ሴትዮዋን ክንዷን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰዳት።

«እትዬ፣ ሰው ፊት ላዋርድሽ አልፈልግም» አላት። «አባቴን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጠጥተሽ ገደልሽው። አሁን ምን ቀረሽ?»

«አጠጣሁት?» አለች ሴትዮዋ። ዓይኖቿ ደም መስለዋል። «አባትህ በአሥራ አንድ ዓመት አንዲት ጉንጭ እንኳ አልዋጠም። ጠዋት ይመጣል፤ ከመጠጡ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ኮሌታውን ይቀባል፣ አፉን ተጉመጥምጦ ይተፋል፣ ከዚያ እየተንገዳገደ ይወጣል። መንገዳገዱ ግን የውነት ነበር።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በሽታ ነበረበት፤ ከዘር የመጣ። አያትህም በሱ ነው የሞቱት። መጀመሪያ ጣት ሳያዙት ይዘላል፣ ቀጥሎ እግር፣ ቀጥሎ ምላስ፣ መጨረሻ ላይ አእምሮ ይሄዳል። ሐኪሞቹ መድኃኒት የለውም አሉት። ‹ልጄን የሰካራም ልጅ ቢሏት ባል አታጣም፤ ዘሯ በሽታ አለበት ካሏት ግን ማን ደጇን ይረግጣል?› አለኝ። እስኪቀበር ድረስ ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ። ይኸው ተቀበረ።»

መስታወት ቆራጩ የግቢውን ግንብ ተደገፈ።

መስታወት እርማት አይቀበልም። መቁረጫው አንዴ ብቻ ነው የሚሄድበት፤ እጅ ቀጥ ካለ መስታወቱም ቀጥ ብሎ ይከፈላል፣ እጅ ከዘለለ ስንጥቁ ወደፈለገበት ይሮጣል። ይህን ያስተማረው አባቱ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ግን፣ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት እየቆረጠ ሳለ፣ የዚያው የአባቱ እጅ መሃል ላይ ዘለለ። በዚያ ሳምንት ሦስተኛው ስብራት ነበር። ልጁ ጠጋ ብሎ ኮሌታውን አሸተተ። ሸተተው። ደንበኞች እያዩ መቁረጫውን ከአባቱ እጅ ነጠቀና «ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ሱቅ ደፍ እንዳትረግጥ» አለው። አባቱ አልተከራከረም። «ልክ ነህ ልጄ፤ መጠጡ አሸነፈኝ» ብሎ ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠላው ኖረ።

«ሌላም አለ» አለች ሴትዮዋ። «ባለፈው ወር በሱቅህ በር ሲያልፍ ጣትህ ስትዘል አየ። እኔ ዘንድ መጥቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ኋላ ዓይኑን ጠረገና ‹ሐኪሙ ከሁለት ልጅ ለአንዱ ይደርሳል ብሎኛል። እንግዲህ ለወንዱ ልጄ ከደረሰ ጭራሮዬ ተርፋለች› አለ። በሰላም ነው የሞተው።»

መስታወት ቆራጩ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ። በዚህ ወር ሁለት መስታወት ተሰብሮበታል፤ ዕቃው የማይረባ ነው ብሎ ከአቅራቢው ጋር ተጣልቷል። ዕቃው ምንም አልነበረበትም።

ፈራ። እንግዳው ነገር ከፍርሃቱ ስር ደስታም ነበረ። እሱ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ዕጣው ለሱ ከወጣ እህቱ ነፃ ናት፣ በሆዷ ያለውም ነፃ ነው። ታዲያ ለማን ምን ይነገራል? ሆድ ይፍጀው። ወደ ውስጥ ተመልሶ ሲቀመጥ ከአባቱ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ ቀለል አለው።

ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቱ መጣ፤ ሰፈሩ ያለ ማዕረጉ «ዶክተር» የሚለው፣ እሱም እምቢ ብሎ የማያውቅ ጎረቤት ነው። መስታወት ቆራጩ አጠገቡ ተቀመጠ። እርግጡን መስማት ፈልጓል እንጂ አልተጠራጠረም።

«ዶክተር፣ አንድ ደንበኛ አለኝ» አለ። ስለ በሽታው ነገረው። «አባትየው ሁለት ልጅ ነው ያለው። ከሁለት ለአንዱ ከሆነ፣ አንደኛው ከያዘው ሌላው ተረፈ ማለት ነው አይደል?»

«አይደለም» አለ ፋርማሲስቱ። «ብዙ ሰው እንዲያ ይመስለዋል። ግማሽ ዕድል የሚባለው ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ነው። የመጀመሪያው ስለወረሰ ለሁለተኛው የሚቀነስለት የለም፤ ለሱም እንደ አዲስ ነው። አሥር ልጅ ቢኖር አሥሩም ሊወርሱት ይችላሉ፣ አሥሩም ሊያመልጡ ይችላሉ።»

«ያመለጠውስ?»

«ያመለጠማ ለልጁም አያወርስም። እዚያ ላይ ያበቃል። በደም ምርመራ ይታወቃል።» ፋርማሲስቱ ዓይኑ ኪስ ውስጥ ወዳለው እጅ ሄደና ቶሎ ተመለሰ። «ደንበኛህ እህት ካለችው ይንገራት» አለ፣ ቀስ ብሎ።

አባቱ ይህን ሳያውቅ ሞተ። ጭራሮዬ ተርፋለች እያለ አንድ ወር ተጽናንቶ ሞተ።

እህቱ ሻይ ልትቀዳ ተነስታ ወደ ማድቤት ስትገባ አያት። ትውለድና ከዚያ፣ አለ በልቡ። ከዚያ ደግሞ ከአራስ ቤት ትውጣ ይላል፤ ከዚያ ልጁ ይደግ ይላል። አባቱም እንዲህ እያለ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ተከትሏት ገባና በሩን ዘጋ።

ከኮሌታው ጀምሮ አንድ ሳያስቀር ነገራት። ጭራሮ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ሰማችው።

«አይጠጣም ነበር?» አለች ሲጨርስ።

«አይጠጣም ነበር።»

«ጋሼ፣ አባባን ሠርጌ ላይ እንዳትመጣ ብዬዋለሁ እኮ። ሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ ብዬው...» አፏን በክንዷ አፈነች። መስታወት ቆራጩም አለቀሰ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ያላለቀሰውን ሁሉ።

«የኔም ግማሽ ነው?» አለች ቆይታ።

«የብቻሽ ግማሽ።»

«የዚህስ?» እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«አንቺ ካመለጥሽ እሱም አምልጧል። ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን።»

«አንተስ?»

እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ረዘም ላለ ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ አመልካች ጣቱ፣ ማንም ሳያዛት፣ ዘለለች።

«ኧረ ሻይ የለም እንዴ?» አለች አክስቱ ከወዲያኛው ክፍል።

ጭራሮ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ብርጭቆዎቹን ትሪ ላይ ደርድራ አንድ በአንድ ጢም አድርጋ ሞላች። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ለብቻው አነሳች፤ እስከ ግማሽ ድረስ ቀዳችና ለወንድሟ አቀበለችው። በሁለት እጁ እስኪይዘው ድረስ አልለቀቀችውም።