ውኃ የሚያንጠባጥቡ ሕንፃዎች

ወንድምና እህት የኮምፒውተር ጌማቸውን ለመሥራት አራት ዓመት ፈጀባቸው። እሱ ፕሮግራመር ነው፤ እሷ ሠዓሊ። ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ባለች፣ የሙጫ ሽታ በማይለቃት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባና ጀርባ ሆነው ይሠሩ ነበር። በጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ መፍቻውን ይዞ ፎቅ ለፎቅ እየዞረ ውኃው ከየት እንደሚያንጠባጥብ ይፈልጋል። እነሱ የሠሯቸው ሕንፃዎች ስድስት ብቻ ናቸው። የቀረውን ሰዉ ራሱ እንዲገነባው ብሎ ወንድምየው ዓመት ሙሉ ሕንፃ መሥሪያው ኤዲተር ላይ ተተክሎ ከረመ። በኤዲተሩ ማንም ሰው ግድግዳ እየጎተተ፣ ደረጃ እየቀጠለ፣ ቧንቧውን በፈለገው ቦታ እየሰበረ የራሱን ሕንፃ ይሠራል፤ ሌላው ገብቶ ይጫወትበታል።

«ስድስቱን በአንድ ቀን ነው የሚጨርሷቸው» አለች እህት፣ ጌሙ ሊወጣ ሲል።

«ይጨርሷቸዋ! ከዚያ እነሱ ይሠራሉ፣ እኛ እግራችንን ዘርግተን እናያለን።»

ጌሙ ወጣ። ጥቂት ሰዎች ገዙት፣ ስድስቱን ጨረሱ፣ ሄዱ። ተጫዋቾች የሠሯቸው ሕንፃዎች የሚዘረዘሩበት ገጽ ሁለት ሳምንት ባዶውን ከረመ። እህት በየጠዋቱ ሳትቀመጥ ትከፍተዋለች፤ መልሳ ትዘጋዋለች። ወንድሟ አንጀቱ አልችል አለ። በሐሰት ስም አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ሠርቶ አስገባ።

«ጋሼ! ና እይ፣ ሰው መጣ!» ብላ በማግስቱ እጁን ጎተተችው።

ከዚያ ወዲያ ማቆም አቃተው። በሌላ ስም ሌላ ሕንፃ፣ በሌላ ስም ሌላ። ቆይቶ እሱ ያልሠራቸውም ብቅ ብቅ ሲሉ ደስታውን አልቻለውም። ታዲያ ከወራት በኋላ አንድ ቀን ከነዚያ ወደ አንዱ ገብቶ ሲዞር መጋረጃዎቹ ሁሉ ወደ ግራ ተሰብስበው አየ። መጋረጃ ሁልጊዜ ወደ ግራ የምትሰበስብ እህቱ ናት። ወንበሩን አዞረ።

«ይሄ ያንቺ ነው።»

ፊቷ ቀላ። «ያንተስ? ደረጃው ያሳብቅብሃል እኮ። የትም ፎቅ ብገባ አሥራ አንድ እርከን ነው።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እህት ወደ ሕንፃዎቹ ዝርዝር ዞረች።

«ሁሉም እኛው ነን ማለት ነው?»

«እኛው ነን» አለ።

በዚያው ወር ጌሙን ዘጉት። ወንድምየው ሕንፃዎቹ ሁሉ የተቀመጡበትን፣ የተከራዩትን ሰርቨር ውል አቋረጠ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ በጌሙ አድራሻ መልእክት ገባ። የጻፈው ጡረታ የወጣ የሊፍት ጠጋኝ ነው። ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃውን ከፍቶ መግባት እንዳልቻለ፣ አምስት ወር እንደለፋበት፣ ሊፍቱን ብቻ ሦስት ጊዜ አፍርሶ እንደሠራው ጽፎ «እባካችሁ መልሱልኝ» ይላል።

«ቀልድህን ነው?» አለች እህት።

«የምን ቀልድ? ሰባት ፎቁ ያንቺ አልነበረም እንዴ?»

«ኧረ እኔ ሰባት ፎቅ ሠርቼ አላውቅም!»

ወረቀት አውጥተው የሐሰት ስሞቻቸውን ጻፉ። አንድ ስም ባለቤት አጣ። በዚያ ስም በየሕንፃዎቻቸው ሥር አስተያየት ይጻፍ ነበር፤ «የሦስተኛውን ፎቅ ቧንቧ ጥሩ አድርገህ ደብቀሃል፣ ግማሽ ቀን አደከምከኝ» የሚል ዓይነት። መጀመሪያ እንዳይታወቅባቸው ፈርተው፣ ኋላ ደግሞ እሱ እህቴ ናት ብሎ፣ እሷም ወንድሜ ነው ብላ፣ አንድም ጊዜ መልስ አልሰጡትም።

ወንድምየው ሰርቨሩን ወዳከራያቸው ድርጅት ደወለ። ተሰርዟል፣ መመለሻ የለውም አሉት። ኤዲተሩን ሲነድፍ የተሠራው ሁሉ በቀጥታ ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ ያደረገው እሱ ራሱ ነበር፤ በተጫዋቹ ኮምፒውተር ላይ የሚቀር ነገር የለም። ስልኩን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

«እውነቱን ጻፍለት» አለች እህቱ።

ምንም ሳይደብቅ ጻፈ፤ ሌሎቹ ስሞች የሁለታቸው እንደነበሩም ጭምር። መልሱ በዚያው ቀን መጣ፣ አንድ መስመር ብቻ፦

«ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ከማን ጋር ነበር የምጫወተው?»

ወንድምየው መልስ ጀመረ፤ አጠፋው። ደግሞ ጀመረ፤ አጠፋው።

ክፍሉን መጋዘን እንዲሆን ለጫማ መደብሩ አስረከቡ። እህት ማስታወቂያ ማተሚያ ቤት ተቀጠረች። እሱ እስካሁን ቤት ነው፤ ሥራ ፈልግ ሲሉት እሺ ይላል። አንድ እሑድ ልትጠይቀው መጥታ «ለሰውየው መለስክለት?» አለችው።

«ምን ብዬ?»